ቤት የማይመታ ግጥም፤ ስለ ባለቅኔው ስለ ሰሎሞን ዴሬሳ



የከበደ ሚካኤልን ወይም የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ስም ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። ተማሪ ሳለ ከግጥማቸው አንዱን በቃሉ አጥንቶ በጓደኞቹ ፊት ያልቆመም ጥቂት ነው። ሰሎሞን ዴሬሳ ቢባል ግን፣ በመተማ ዮሐንስም ሆነ በጎንደር፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ «የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ይበዛል። እኒህ ሰው የአማርኛን ግጥም አሠራር ከሥሩ ከነቀነቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነው ሳሉ፣ ስማቸው ከደራስያንና ከተማሪዎች ክበብ እምብዛም ሳይወጣ ቀርቷል። ስለ እሳቸው ለመናገር የተነሣነው ግን የታወቁ ይሁኑ ብለን ለመሟገት ሳይሆን፣ ሥራቸው አንድ ጥያቄ ስላስነሣ ነው፤ ይኸውም ቤት የማይመታ ጽሑፍ ግጥም ሊባል ይችላልን? የሚለው ነው።

ጥያቄው ለምን ክርክር እንዳስነሣ ለመረዳት አስቀድሞ የገዛ ጆሯችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ በወደቁባትና ስማቸውን በተሸከመችው በመተማ ዮሐንስ፣ ግጥም ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ሙሾና ፉከራ ነው። በመከር ጊዜ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛም ሲያንጎራጉር ቃሉን ከማጭዱ ጋር ያስማማዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ሕግ አላቸው። ስንኙ በቀለም ይቆጠራል፤ የስንኙ መጨረሻም ከተከታዩ ስንኝ መጨረሻ ጋር ይገጥማል። «ግጥም» የሚለው ስም ራሱ ከመግጠም የመጣ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ መንግሥቱ ለማ በጥንቃቄ አጥንተው ጽፈዋል። ከአማርኛ ልኮች ሁሉ የሚዘወተረው የወል ቤት የሚባለው ነው፤ ስንኙ በሁለት ሐረግ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ይይዛል። አምስት አምስት ሲሆን ሰንጎ መገን፣ አራት አራት ሲሆን ቡሄ በሉ ይባላል። ስምንት ስምንት ያደረጉት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለሆኑ ያ ልክ በስማቸው የጸጋዬ ቤት ተብሏል። ለምሳሌ ያህል በወል ቤት ልክ አንድ ነገር እንሥራ፤

በማለዳ ሄጄ ከወንዙ ዳር ቆሜ፣
ጀልባ ስትመጣ ነቃሁኝ ከሕልሜ።

ታላቅ ግጥም እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንባቢው በጣቱ ቢቆጥረው ስድስትና ስድስት ሆኖ ያገኘዋል፤ «ቆሜ» ብሎ የጀመረውንም ጆሮ «ሕልሜ» እስኪል ድረስ በተስፋ ይጠብቀዋል። ደስታው ከዚህ ጥበቃ ይመጣል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ገጣሚው «ቆሜ» ካለ በኋላ የሚቀጥለውን ሐሳብ የሚመርጥለት ልቡ ሳይሆን «ሜ» የምትለዋ ፊደል ትሆናለች። ስንት ጊዜ ነው በበዓል ቀን በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ቃል ሰምተን ያጨበጨብነው!

አሁን ያንኑ ነገር ልኩንና ቤቱን ትተን እንጻፈው፤

ጧት።
ወንዙ ዳር።
ጀልባዋ መጣች፤
ሕልሙ ግን እኔን ትቶ
ብቻውን ተሻገረ።

እዚህ ላይ ጆሮ የሚጠብቀው ነገር የለም። በዚያ ምትክ ዓይንና ትንፋሽ ይሠራሉ። «ጧት» ከሚለው ቃል በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ያለ ምክንያት የተተወ አይደለም፤ አንባቢው ዝም እንዲልበት የተሰጠው ስፍራ ነው። እኛ በሬድዮ የምንሠራ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም፤ በማይክሮፎን ፊት የሦስት ሰከንድ ዝምታ ምን ያህል ረጅም እንደሆነና አድማጩን እንዴት ቀጥ እንደሚያደርገው በየቀኑ እናየዋለንና።

አቶ ሰሎሞን ዴሬሳ በአማርኛ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 በወለጋ ሲሆን፣ ገና ሕፃን ሳሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዚያ አደጉ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኋላ ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግረው ተምረዋል። ያ ዘመን ከኢትዮጵያ የተላኩ ወጣቶች በአውሮፓ ከተሞች አዲሱን ሥነ ጥበብ በዓይናቸው ያዩበት ዘመን ነበር። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ፣ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በጀርመን አገር በኮሎኝ ነበሩ። አቶ ሰሎሞን ከእስክንድር ጋር የቅርብ ወዳጆች ስለነበሩ፣ ስለ ሥዕሎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት በእንግሊዝኛ የጻፉት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እስክንድር የሚያጠኑ ሰዎች ይጠቅሱታል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሠርተዋል፤ በአዲስ ሪፖርተር መጽሔትም ጽፈዋል። የሙያ ባልደረባችን ነበሩ ለማለት ያስደፍረናል። በአዲስ ሪፖርተር ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ከአቶ ገዳሙ አብርሃ ጋር ሆነው ያወጡት አንድ ጽሑፍ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች በተለይ የሚነካን ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባለ ሰረዙ ኢትዮጵያዊ» እንደማለት ነው። ሁለት ቃላትን የምታያይዘውን አጭር ሰረዝ ታውቋታላችሁ። ዘመናዊ ትምህርት የተማረው ኢትዮጵያዊ በአባቶቹ ዓለምና በተማረው ዓለም መካከል፣ ልክ በዚያች ሰረዝ ላይ ቆሞ የሚኖር ሰው ነው። ከአንደኛው አልተላቀቀም፤ ወደ ሌላኛውም አልደረሰም። በቢሮው ውስጥ ከረባት አስሮ የውጭ አገር ቃል እየደባለቀ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ማታ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሄዶ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ነገሩን ከራሱ ያውቀዋል።

ከዚህ ጽሑፍ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ «ልጅነት» የተባለው የግጥም መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ታተመ። ስንኞቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረጅም ሆኖ ተከታዩ በአንድ ቃል ሊያልቅ ይችላል። ቤት መምታት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ የለመደውን ዓምድ ስላላገኘ ብዙ ሰው ተቆጣ። «ይህ ዝርው ነው፤ ስንኝ መስሎ የተሰደረ ወሬ ነው» ያለ ነበረ፤ «የፈረንጅ ግልባጭ ነው» ያለም ነበረ። ወጣቶቹ ግን መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩት።

ተቃዋሚዎቹን በከንቱ ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። በልክ የማይያዝ ጽሑፍ ሰነፍን ይጋብዛል፤ ከዚያ ወዲህ ቀለም መቁጠር ያልቻለ ሁሉ «ነፃ ግጥም ነው» እያለ ያሳተመው ነገር ብዙ ነው። ክሱ ከፈረንጅ መኮረጁን የሚመለከት ሲሆን ግን መልስ አለው። በፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ አዲስ መሆኑ እርግጥ ነው፤ አሜሪካዊው ዋልት ዊትማን ቤት የማይመታውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1855 ነበር። ነገር ግን ከእኛ መካከል ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ መዝሙረ ዳዊት ቤት እንደማይመታ ያውቃል። በግዕዙ መዝሙር አንዱ ሐረግ ሌላውን በድምፅ ሳይሆን በሐሳብ ነው የሚያጅበው፤ መጀመሪያ የተባለው በሌላ ቃል ተመልሶ ይባላል፣ ወይም ተቃራኒው ይከተለዋል። ያንን በየማለዳው ሲደግም ያደገ ሕዝብ «ቤት ካልመታ ግጥም አይደለም» ሲል የገዛ ጸሎቱን መርሳቱ ነው። እንደ እኛ አስተያየት አቶ ሰሎሞን ከባሕር ማዶ ያመጡት በር መክፈቻውን ነው እንጂ ቤቱ እዚሁ የነበረ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት አቶ ሰሎሞን ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ ተቀመጡ፤ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም አስተምረዋል። ቀሪውን የሕይወታቸውን ዘመን፣ ይኸውም አርባ ዓመት ያህል፣ ያሳለፉት በዚያ ክረምቱ በረዶ በሆነ አገር ነው። እዚህ ላይ ነው የስማቸው አለመታወቅ ዋናው ምክንያት የሚገኘው። አንድ ሠዓሊ ቢሰደድ ሥዕሉን በየትኛውም አገር ሊያሳይ ይችላል። በአማርኛ የሚጽፍ ገጣሚ ግን አንባቢውን ከድንበር ወዲህ ትቶ ይሄዳል። በመተማ ኬላ ላይ የምትሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከገላባት ወገን የተሻገረው ስደተኛ ከነዕቃው ሲመጣ አይታችኋል፤ ሙያውንና ንብረቱን በአንድ ጥቅልል ይዞ የመጣ ነበረ፤ ቋንቋውን የሚሰማ ጎረቤት ግን በጥቅልል አይያዝም።

በአሜሪካ ራሷ ግን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው እየጻፈ የማይታወቅ ገጣሚ ሞልቷል። ከሚኒሶታ ቀጥሎ ባለው በዊስኮንሲን ሎሪን ኒዴከር የምትባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበረች። እጅግ አጫጭር ግጥሞችን እየጻፈች፣ ለኑሮዋ ግን በአንድ የወተት ከብት አርቢዎች መጽሔት የፊደል ስሕተት አራሚ፣ በኋላም በሆስፒታል ወለል አጽጂ ሆና ሠርታለች። ከጎረቤቶቿ አብዛኞቹ ገጣሚ መሆኗን አያውቁም ነበር። ዛሬ በዘመናዊው የአሜሪካ ግጥም ታሪክ ስሟ ከፍ ብሎ ይጠራል። ያረፈችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በመጨረሻው ቀን ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ «ልጅነት» በታተመበት ዓመት ማለት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ሌላ ትርጉም አንሰጠውም።

አቶ ሰሎሞን ሁለተኛውን የአማርኛ የግጥም መጽሐፋቸውን ያወጡት በ1991 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው 28 ዓመት ይርቃል። በመካከሉ ዘውድ ወርዷል፤ ደርግ መጥቶ ሄዷል፤ «ልጅነት»ን በሃያ ዓመቱ ያነበበ ተማሪ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። የመጽሐፉ ስም «ዘበት እልፊቱ» ሲሆን ከሥሩ «ወለሎታት» የሚል ቃል አለበት። ይህን ቃል በአማርኛ መዝገበ ቃላት የፈለገ ይደክማል። «ወለሎ» በኦሮምኛ ግጥም ማለት ነው፤ «ኦታት» ብሎ የሚያበዛው ድምፅ ደግሞ «ሕፃናት»፣ «መጻሕፍት» እንደምንለው ያለ የግዕዝ ወግ ያለው ብዙ ቁጥር ነው። የወለጋው ተወላጅ የኦሮምኛን ቃል ወስደው የግዕዝ ካባ ደርበውለት በአማርኛ መጽሐፍ ደጃፍ ላይ አቆሙት። እኛ በበኩላችን ከመጽሐፉ ሁሉ ይህችን አንዲት ቃል እጅግ እናደንቃለን። «ግጥም» የሚለው ስም መግጠምን ስለሚያስገድድ፣ ለማይገጥመው ሌላ ስም አስፈለገ፤ ስሙም ከጎረቤት ቋንቋ ተገኘ። በጠረፍ ገበያ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር የሚገበያይ ሰው ዐረብኛውንና አማርኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያስኬድ ማንም አይደነቅም። በመጽሐፍ ሲሆን ለምን እንደሚያስደነግጠን ማሰብ ይገባል።

እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ብቸኛ ሰው አቶ ሰሎሞን አይደሉም። ገብረ ክርስቶስ ደስታም በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ አርፈው፣ የግጥሞቻቸው ስብስብ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ለኅትመት የበቃው በ1998 ዓ.ም. ነው። የገብረ ክርስቶስን ግን «ሀገሬ» የተባለው ግጥማቸው በየሰው አፍ ስላለ ስማቸውን አድኖታል። አቶ ሰሎሞን በቃል የሚያዝ ግጥም አልተዉም። ቤት የማይመታ ነገር ከማስታወስ ያመልጣል፤ ይህ የመረጡት መንገድ ያስከፈላቸው ዋጋ ነው፤ አውቀውም የከፈሉት ይመስለናል።

አቶ ሰሎሞን በሚኒሶታ በሚኒያፖሊስ ከተማ ያረፉት በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜያቸው 80 ዓመት ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የግጥም ምሽቶች ላይ ቤት ሳይመቱ የሚያነቡ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው፤ እንደ በፊቱ የሚቆጣም ሰው የለም። ከእነዚህ ወጣቶች ስንቶቹ «ልጅነት»ን ገልጠው እንዳዩ ግን ያጠራጥራል።

መጽሐፉን አግኝታችሁ ለማንበብ የምትሹ አንባቢዎች እንደ ልብ ወለድ በአንድ ማታ ለመጨረስ አትሞክሩ። ከቢሮ ስትወጡ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ስንኙ በተቆረጠበት ላይ ትንፋሻችሁን ቁረጡ፤ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ብላችሁ አትሩጡ። በመጀመሪያው ንባብ ትርጉሙ ባይገባችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ በማግሥቱ ያንኑ ድገሙት።