የኪሊማንጃሮ የበረዶ ግግር እየመነመነ ነው

በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ የሚገኘውና 5 ሺህ 895 ሜትር ከፍታ ያለው የኪሊማንጃሮ ተራራ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆኖ ሳለ በጫፉ የበረዶ ግግር የተሸከመ በመሆኑ ከዓለም ዙሪያ ጎብኚዎችን ይስባል።

ተራራው እ.ኤ.አ. በ1973 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጎብኚዎች በማራንጉ፣ በማቻሜ፣ በሌሞሾና በሌሎች መንገዶች የሚወጡ ሲሆን፣ የደርሶ መልስ ጉዞው እንደየመንገዱ ከ5 እስከ 9 ቀናት ይወስዳል። ያለ መንገድ መሪ መውጣት አይፈቀድም። ጉዞው ከጥቅጥቅ ደን ተነስቶ በአስታ ቁጥቋጦና በደረቅ ድንጋያማ ምድር አልፎ ከበረዶው ይደርሳል። በከፍታ ሳቢያ የሚመጣ ሕመም ብዙዎችን ከመንገድ ስለሚመልስ፣ መሪዎቹ በስዋሂሊ "ፖሌ ፖሌ" ማለትም "ቀስ በቀስ" እያሉ ያሳስባሉ።

በ1912 ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት የነበረው በረዶ በ2011 ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል። ይህም 85 በመቶ ያህሉ መጥፋቱን ያመለክታል።

በጫፉ አካባቢ የአየሩ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች በመሆኑ፣ በረዶው በፀሐይ ጨረር ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተንነት ይለወጣል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የሚጥለው በረዶ በመቀነሱ የጠፋው አይተካም። የዓለም ሙቀት መጨመር ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። ሆኖም ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ኪሊማንጃሮን ጨምሮ የበረዶ ግግር ካላቸው ቅርሶች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ በረዶው እስከ 2050 እንደሚጠፋ ገልጿል።

በተራራው ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ውኃ በአመዛኙ የሚገኘው ብዙዎች እንደሚገምቱት ከበረዶው ሳይሆን ዝናብና ጉም ከሚያጠራቅመው ደን ነው። በመሆኑም በ2020 እና በ2022 በተራራው ላይ የተነሱት የእሳት ቃጠሎዎች ከበረዶው መመናመን ያላነሰ ትኩረት የሚሹ ናቸው። በረዶውን መታደግ ከአንድ ፓርክ አስተዳደር አቅም በላይ ሲሆን፣ ደኑን ከእሳትና ከምንጣሮ መጠበቅ ግን በእጁ ያለ ሥራ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የሳነቴ አምባ፣ ከፊሉ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በበረዶ ግግር ተሸፍኖ እንደነበር ጥናቶች ያሳያሉ። ያ በረዶ ከጠፋ ሺህ ዓመታት ቢቆጠሩም የዌብና ሌሎች ወንዞች ዛሬም ከተራሮቹ ይፈስሳሉ። የወንዞቹ ቀጣይነት የተመሠረተው ዝናቡን ተቀብለው በሚያቆዩት ደንና ረግረግ መሬት ደህንነት ላይ ነው።