ሻማ የሌለበት «ሮማንቲክ»

«ሮማንቲክ» በምትለዋ ቃል ስንት ራት ሸጫለሁ! የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና የካቲት ሲቃረብ ሥራው ይታወቃል፤ ሻማ፣ ቀይ ጽጌረዳ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ከላይ «ሮማንቲክ ምሽት» የሚል ጽሑፍ፤ አለቀ። እርስዎም ቃሉን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በቅርቡ ስለ አውሮፓ ሮማንቲክ ሠዓሊዎች ሳነብ ያገኘሁት የጫጉላ ትዝታ ሥዕል ግን ግራ አጋባኝ። ሻማ የለበትም። ጽጌረዳም የለበትም። ሰዎቹ እንኳ አይተያዩም።

ሠዓሊው ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818፣ በ43 ዓመቱ፣ ካሮሊን ቦመር የተባለች ወጣት አገባ። በዚያው ክረምት ሳይገባ ሙሽራይቱን ይዞ ወደ ተወለደበት የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ሄደ፤ ሩገን የምትባለውንም ደሴት አብረው አዩ። ከጉዞው በኋላ የሣለው «በሩገን ያሉ የጠመኔ ገደሎች» ዛሬ በስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ ይገኛል።

እስቲ በስልክዎ ፈልገው ይክፈቱት። ሁለት ዛፎች ከላይ ቅርንጫፎቻቸውን አገናኝተዋል። ከሥር ነጭ፣ ሹል ሹል ገደል ነው፤ ከማዶ ባሕርና ትናንሽ ጀልባዎች ይታያሉ። በግራ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ወደ ገደሉ ታመለክታለች። መሃል ላይ ያለው ሰው ባርኔጣውን ጥሎ በእጁና በጉልበቱ ወደ ጫፉ ይድሃል። በቀኝ ያለው እጆቹን አጣምሮ ባሕሩን ያያል። ሴቲቱ ካሮሊን ናት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የወንዶቹ ማንነት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዛፎቹና በገደሉ መሃል ያለው ክፍት ቦታ የልብ ቅርጽ አለው የሚሉም አሉ። የማስታወቂያ ሰው ነኝና እኔም አየሁት!

ለጫጉላ ትዝታ ገደል ለምን? ፍሪድሪሽ እናቱን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። 13 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ወንድሙ በውኃ ሰጥሞ ሞተ፤ በረዶው የተሰበረበትን ካስፓርን ሊያድን ሲል ነው ይባላል። ይህ ሰው ነው ሚስቱን ወደዚያው ዳርቻ ወስዶ፣ ቀይ ቀሚስ አልብሶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያስቀመጣት። ፍርሃቱን አልደበቀም፤ ፍቅሩንም ከፍርሃቱ አልነጠለም።

የዘመኑ ሮማንቲኮች ነገራቸው ይኸው ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ሁሉ ነገር በአእምሮ ይለካል፣ ይሰላል ለሚለው አስተሳሰብ ስሜትን፣ ሕልምንና ከሰው የሚበልጠውን ተፈጥሮ ይዘው መልስ ሰጡ። ቃሉም የመጣው ከጥንት የፈረሰኞች ጀብድ ተረት እንጂ ከራት ጠረጴዛ አይደለም።

ከጋብቻው በኋላ በፍሪድሪሽ ሥዕሎች ውስጥ ሴቶች በርከት አሉ። በ1822 ካሮሊንን ጀርባዋን ሰጥታን በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ሣላት። ምን እንደምታይ አይነግረንም፤ አብረናት ለማየት እንንጠራራለን።

ባለፈው የገደሉን ሥዕል ራት ላይ ለባለቤቴ አሳየሁት። «ስልኳ ነው እንዴ የወደቀው?» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ስልኬን ተቀበለኝና ሥዕሉን አጉልቶ፣ ሰውየው የሚድህበትን ጫፍ ዝም ብሎ ያይ ጀመር። ወጡ ቀዘቀዘ።