የወፍ በሽታና ጉበት

“የወፍ በሽታ” የምንለው ከወፍ ጋር ግንኙነት የለውም። የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው የሚሉ አሁንም አሉ። ክሊኒክ ስንሄድ “ሄፓታይተስ” ይሉናል፤ የጉበት መቆጣት ማለት ነው።

ጉበት ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ነው ያለው። ያረጀ ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣውን ቢጫ ነገር እየለቀመ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ሲታመም ግን ቢጫው ደም ውስጥ ይቀራል። ያኔ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንትም ይጠቁራል። እንግዲህ ቢጫነቱ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለካምፕ ሰው በጣም የሚያሰጋው “ሄፓታይተስ ኢ” ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዳዳብ፣ በ2014 ደግሞ ጋምቤላ ባሉ የስደተኞች መጠለያዎች ገብቶ ነበር። በሰገራ በተበከለ ውሃ ይተላለፋል። ብዙው ሰው በጥቂት ሳምንት ይድናል። እርጉዝ ሴትን ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ዓይኗ ቢጫ የሆነ እርጉዝ ካለች ቅጠል ፍለጋ አትዙሩ፤ ጉበት የሚጎዳ ቅጠልም አለ። በዚያው ቀን ክሊኒክ ትሂድ። አስተርጓሚው “ሆዷን አሟታል” ብሎ እንዳያልፈው! ኬንያ ላላችሁ፣ ቢጫ ዓይን በስዋሂሊ “ማቾ ያ ማንጃኖ”፣ እርግዝና ደግሞ “ሚምባ” ነው።