«ከደመወዜ ይቆረጥ የለ?»፦ የሠራተኛው ተቆራጭ፣ ተረትና እውነታው

የቱሉ ዲምቱ ሰፈር ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ከኮንዶሚኒየሙ የወጡ ሠራተኞች መንገድ ዳር ቆመው የፋብሪካ ሰርቪስ ይጠብቃሉ። የደመወዝ ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ ተቆራጭ ነው። በዚያ ወሬ ውስጥ ሰው የሚጎዱ ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይሰማሉ።

ተረት 1፦ «7 በመቶ የሚቆርጡኝ ለጤና መድን ነው።»

እውነታ፦ የጡረታ ነው። ደመወዝዎ 5,000 ብር ቢሆን ከእርስዎ 350 ብር ይቆረጣል፤ አሰሪዎ በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 550 ብር ይጨምራል። የማኅበራዊ ጤና መድን የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 690/2002። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ከሠራተኛው 3፣ ከአሰሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ቢወስንም ትግበራው ለዓመታት ተጓትቷል። በደመወዝ ወረቀትዎ ላይ «ጡረታ» የሚለው ብቻ ከተጻፈ፣ ያ ገንዘብ ሆስፒታል አያሳክምዎትም።

ተረት 2፦ «ከተቆረጠ ገብቶልኛል።»

እውነታ፦ መቁረጥ ሌላ፣ ማስገባት ሌላ። አሰሪው በየወሩ የሠራተኞቹን ስምና ደመወዝ አሳውቆ መዋጮውን ገቢ ማድረግ አለበት። የዕድሜ ጡረታ አበል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዛሬ ሳይመዘገብ ያለፈ ወር በስተርጅና ክርክር ይዞ ይመጣል። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙ፤ መዋጮው መግባቱን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይጠይቁ።

ተረት 3፦ «መድን ስለሌለኝ ሥራ ላይ ብጎዳ የምታከመው ከኪሴ ነው።»

እውነታ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሰሪው ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ውስጥ ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ አደጋም የሥራ ጉዳት ነው።

አሰሪው ጉዳቱን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማሳወቅም ግዴታው ነው። እርስዎም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዩ ሰዎችን ስም ጽፈው ያስቀምጡ፤ መዝገቡ ላይ መስፈሩንም ሳያረጋግጡ አይተኙ። እጁ ማሽን ውስጥ የገባ ሰው ከወራት በኋላ «መቼ? የት? ማን አየ?» ሲባል መልሱ ያ ወረቀት ነው።