ጫና ሲበዛ ቀድሞ የሚቀረው ያልታዘዘ ሥራ

በየመሥሪያ ቤቱ በሥራ መደብ ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ፣ አለቃ ያላዘዘው፣ ደመወዝም ያልተቆረጠለት ሥራ አለ። አዲስ የገባን ልጅ ማሽን ማስለመድ፣ የታመመ ባልደረባን ፈረቃ መሸፈን፣ ብልሽት ሲያዩ ዝም ብሎ አለማለፍ፣ ትንሹን ጉድለት ችሎ መሥራት ከዚህ ይመደባሉ። አሜሪካዊው የአስተዳደር ምሁር ዴኒስ ኦርጋን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ድርጅቶች በዚህ ዓይነቱ ፈቃደኝነት ላይ ምን ያህል እንደሚደገፉ አሳይቷል። ሠራተኛ ይህን ቢተው ደንብ አልጣሰም፤ የሚቀጣውም የለም። ጫና ሲበረታ ቀድሞ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ቦታዎች ልብስ የሚሰፋው በመስመር ነው። አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ኮሌታ፤ በሰዓት ስንት እንደሚጠበቅባት እያንዳንዷ ታውቃለች። ከጎኗ ያለችው ጀማሪ ስፌቱ ሲሸበሸብባት ልምድ ያላት ሠራተኛ ዞር ብላ ብታሳያት ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ያቺ ደቂቃ ግን የምትቀነሰው ከራሷ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ካልሞላ ተወቃሿ እሷ ናት፤ ስለረዳች የሚመዘግብላት የለም። ስለዚህ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ይህን ክፋት ማለት ትልቅ በደል ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ስቲቨን ሆብፎል እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስረዳው፣ ሰው ጊዜውና ጉልበቱ እየተሟጠጠ ሲሄድ የቀረችውን መቆጠብ ይጀምራል፤ ግዴታውን መቀነስ ስለማይችል የሚቀንሰው ከፈቃዱ ላይ ነው።

የሥራ ብዛት ብቻውን ግን ሰውን አያቀዘቅዝም። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አደጋ ደርሶ ቁስለኞች በአንድ ጊዜ ሆስፒታል ቢገቡ፣ ፈረቃዋን የጨረሰች ነርስ ሳትጠራ ብትመለስ የሚገርም አይደለም። ድካሟ ምን እንደሚያተርፍ በዓይኗ ታያለች። ያቺው ነርስ ጓንት በየሌሊቱ እያለቀባት አቤቱታዋን የሚሰማ ካጣች፣ ርክክቧን ፈርማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ከሁሉም የሚከፋው እርስ በርሱ የሚጋጭ ትእዛዝ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር በብዛት በሚራገፍበት እንደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ ቦታ አንዱ ኃላፊ «ቶሎ ልቀቅ»፣ ሌላው «ሰነዱን አንድ በአንድ ፈትሽ» ቢል፣ ሠራተኛው የቱንም ቢመርጥ ከወቀሳ አያመልጥም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ካህንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ዋና የጭንቀት ምንጭ አድርገው ያቀረቡት ይህን የሚና ግጭትና የኃላፊነት አለመለየትን ነው። እንዲህ ላለ ሠራተኛ ባለጉዳይን ልርዳ ብሎ አንድ እርምጃ መጨመር ራስን ማጋለጥ ይሆንበታል። «እኔን አይመለከተኝም» የሚለው መልስ የሚወለደው እዚህ ነው።

መረዳዳት እንደ ወንፈል ነው፤ ዛሬ የሚረዳው ነገ ይረዱኛል ብሎ ነው። ለዚህ ደግሞ አብሮ መቆየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ባወጡት ጥናት፣ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበርና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር ተገልጿል። በሚቀጥለው ወር የማትገኝን ጎረቤት ማስለመድ ለማን ይጠቅማል?

ፈቃደኝነት ሲጠፋ አንዳንድ አለቆች «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» እያሉ በግድ ሊያመጡት ይሞክራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ወሰን አበጅቷል፤ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያውም በቀን ጊዜ 1.5፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ይህ ሳይከፈል በ«ትብብር» ስም የተወሰደ ሰዓት በጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም። የተወሰደበትም ሠራተኛ በሌላ ቀን በፈቃዱ ይሰጥ የነበረውን ይነሳል።

ጉዳቱ በዕለቱ ሪፖርት ላይ አይታይም። ቁጥሩ ይሞላል፣ ፊርማው ይፈረማል። ከወራት በኋላ ተመላሽ ልብስ ሲበዛ፣ ጀማሪዎች ሳይለምዱ ሲለቁ፣ ማንም ያልጠቆመው ማሽን ሲቆም ነው የሚታወቀው። መፍትሔውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ትእዛዝ ከአንድ ሰው ሲመጣ፣ ዕረፍት በሰዓቱ ሲሰጥ፣ ሱፐርቫይዘሯም ጀማሪ ለማስለመድ የጠፋውን ጊዜ ከሠራተኛዋ ዕለታዊ ቁጥር ላይ ስታነሳላት፣ ያቺ ልጅ ዳግም ወደ ጎረቤቷ ዞር ለማለት አቅም ታገኛለች።