መነጽር ከተደረገ በኋላም ዓይን ይመርመር

አንድ ሕፃን መጽሐፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሲያነብ፣ ወይም በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈውን ለመለየት ዓይኑን ሲያጠብ የሚያዩት ወላጆች ብዙ ጊዜ የልማድ ነገር ይመስላቸዋል። መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ይገሥጸው ይሆናል። ነገር ግን ሩቁን ማየት የተሳነው ዓይን በተግሣጽ አይቀናም። ስለዚህ ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን ስለሚያደበዝዘው ዓይን፣ ይልቁንም ጉድለቱ ብርቱ በሆነ ጊዜ ሊቃውንት መርምረው ስለ ደረሱበት ነገር፣ ለቤተሰብ የሚጠቅመውን ያህል ልንጽፍ ወደድን።

ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ተሰብስቦ ማረፍ የሚገባው በዓይን ጀርባ፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። የጎልማሳ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚህ አብዝቶ ሲረዝም ግን ብርሃኑ ሬቲናው ዘንድ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባልና የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። መካከሉ የሳሳ መስተዋት እንዲህ ላለው ዓይን የሚረዳበትን ምክንያት ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ጽፎ አስረድቷል። የጉድለቱ መጠን በዲዮፕተር ይለካል፤ 6 ዲዮፕተርና ከዚያ በላይ የሆነው ብርቱ ይባላል። ይህ ዓይን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ይኸውም ከአንድ ስንዝር ያነሰ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። መነጽር ብርሃኑን በቦታው ያሳርፋል እንጂ የረዘመውን ዓይን አያሳጥርም። ዓይኑ በረዘመ መጠን ሬቲናውና ከኋላው ያሉት ሽፋኖች እንደ ተወጠረ ብራና ይሳሳሉ። በሳሳው ስፍራ ቀዳዳ ሊከፈት፣ ሬቲናው ከቦታው ሊላቀቅ፣ ወይም ከሥሩ ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ሊደሙ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በመነጽሩ አጥርቶ ማየቱ ብቻ የዓይኑን ጤንነት አያረጋግጥም።

ይህን የተሰወረ ጉዳት ለማየት የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ሄርማን ሄልምሆልትስ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1851 ለዓለም ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በአሜሪካ ተመራማሪዎች ኦሲቲ የተባለውን፣ የሬቲናን ድርብርብ ሽፋን በብርሃን እየለየ የሚያሳየውን መሣሪያ አስተዋወቁ። ዛሬ ሐኪም በጠብታ ብሌኑን አስፍቶ፣ በእነዚህ መሣሪያዎችም ረድቶ፣ ታማሚው ገና ያልተሰማውን ጉዳት አስቀድሞ ሊያገኝ ይችላል።

ስለ ሕክምናው የተደረገው ምርምር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጉድለቱ በልጅነት እንዳይጀምር ወይም እንዳይብስ ማድረግ ነው፤ ቀድሞ የጀመረው ብዙ ዓመት ስለሚያድግ ወደ ብርቱው ደረጃ የመድረስ ዕድሉ ይበዛልና። በቻይና በጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ለሦስት ዓመት ተጠንተው ነበር። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየትምህርቱ ቀን 40 ደቂቃ ከክፍል ውጭ በብርሃን እንዲቆዩ ተጨመረላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ታተመው ውጤት፣ ከእነዚህ መካከል ጉድለቱ የጀመራቸው ከ100 ልጆች 30 ያህል ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ዘንድ 40 ያህል ነበሩ። በሆንግ ኮንግም በ438 ልጆች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከ100 እጅ 0.05 የሆነ የአትሮፒን ጠብታ በአንድ ዓመት ውስጥ የጉድለቱን መባስ በእጅጉ አዘገየው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከዚያ የቀጠነው 0.01 ጠብታ መድኃኒት ከሌለበት ጠብታ አለመብለጡን አሳየ። ስለዚህ ወላጅ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ጠብታ ገዝቶ በልጁ ዓይን ላይ አያንጠብጥብ።

ሁለተኛው መንገድ የደረሰውን ጉዳት ማከም ነው። በብርቱ ጉድለት ምክንያት ከሬቲና ሥር የበቀለው የደም ሥር ቀድሞ ዕይታን አጥፍቶ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው፣ 277 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት፣ ራኒቢዙማብ የተባለውን መድኃኒት በቀጭን መርፌ በዓይናቸው ውስጥ የተቀበሉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ በመመርመሪያው ሰሌዳ ላይ በአማካይ 10 ያህል ፊደል ጨምረው አነበቡ፤ በቀድሞው የብርሃን ሕክምና የታከሙት ግን የጨመሩት 2 ያህል ብቻ ነበር። ሆኖም የሞተውን የሬቲና ክፍል የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘምና ጊዜው ሳያልፍ መድረስ ይሻላል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ በየቀኑ በደጅ በብርሃን እንዲጫወት ፍቀዱለት፤ ወደ ፀሐይ ግን አተኩሮ እንዳይመለከት ንገሩት። ብርቱ ጉድለት ያለበት ሰው ምንም ሕመም ባይሰማው የዓይኑን ጀርባ ሐኪሙ በወሰነለት ጊዜ እየሄደ ያስመርምር። ድንገት እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል ነገር፣ የሚበርሩ ብዙ ጥቁር ነጥቦች፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ ወይም የቀናው መስመር ጠምሞ መታየት ቢመጣበት ግን ይነጋል ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ።