ባሏን «አባት» የምትለው ጃፓናዊት

ጃፓናዊት ሚስት ባሏን «ኦቶሳን» ስትል ትሰማላችሁ። ቃሉ «አባት» ማለት ነው፤ እስከዚህ ውሸት የለበትም። ከዚህ ተነሥተው «የጃፓን ሴት ለባሏ እንደ ልጅ ትታዘዛለች፤ ሚስት ማለት እንዲህ ናት» እያሉ በየቪዲዮው የሚሰብኩት ግን ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። የፊልም ተርጓሚዎችም «አባቴ» ብለው ያልፉታል፤ ተመልካቹ ባልና ሚስቱን አባትና ልጅ አድርጎ ቁጭ ይላል።

ለመሆኑ ባልየው ምን ይላታል? «ኦካሳን» ይላታል፤ «እናት» ማለት ነው። ታዲያ እሱም ልጇ ሆኖ ሊታዘዛት ነው? አያትም ብትሆን የገዛ ልጇን በልጅ ልጆቿ ፊት «ኦካሳን» ብላ ትጠራታለች። የቋንቋ ሊቁ ታካኦ ሱዙኪ በ1973 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ ምሥጢሩን ፈትተውታል፦ ቤተሰቡ የሚጠራራው በትንሹ ልጅ አፍ ነው። ሕፃኑ «አባት» የሚለውን ሁሉም «አባት» ይለዋል። የኛ እናቶች የባላቸውን ስም ላለመጥራት «የእገሌ አባት» ሲሉ የባላቸው ልጅ ሆኑ ያለ አለ? ተርጓሚዎች፣ እባካችሁ ይህንኑ ተጠቀሙበት።

ሚስት ለባሏ ትታዘዛለች የሚለው አባባል ከባዶ አልተነሣም። የ1898ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተሰቡ አለቃ ትዳር እስከ መፍቀድና መከልከል ሥልጣን ሰጥቶት ነበር፤ የተሻረው በ1947 ነው። የበላይነት ፈልጎ ቃል የሚመረምር ሰው ካለ «ሹጂን»ን ይመልከት፤ ሚስት ለሰው ስለ ባሏ ስታወራ የምትጠቀምበት ይህ ቃል «ጌታ» ማለት ነው። ዛሬ የማይወዱት ሴቶች ብዙ ናቸው። ዕድሜም ቢሆን ይከበራል፦ ታላቅ ወንድም «ኦኒሳን» ይባላል፣ ታናሽ ግን በስሙ ነው የሚጠራው።

«ኦቶሳን» እና «ኦካሳን» ጥንታዊ ናቸው የሚሉም አሉ። በመላ አገሪቱ የተስፋፉት ግን ከ1904 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋሉት የመንግሥት የማንበቢያ መጻሕፍት ነው።

የዝምድና ቃላቱ ከቻይና መጡ የሚባለውም ከፊደሉ የመጣ ስሕተት ነው። «ሀሀ» (እናት)፣ «ቺቺ» (አባት)፣ «ኦጂ» (አጎት) የጃፓን ናቸው፤ ከቻይና የመጣው ጽሕፈቱ ነው። ከወላጅ የሚበልጥ አጎትና የሚያንስ አጎት በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ፣ ሁለቱም «ኦጂ» ተብለው ይነበባሉ። «ሀሀ» ራሱ ድሮ ከንፈር የሚያስገጥም ቃል ነበር፤ በ1516 በተሰበሰበ የእንቆቅልሽ መድበል ውስጥ «እናት» ሲባል ሁለት ጊዜ የሚገናኝ፣ «አባት» ሲባል ግን አንዴም የማይገናኝ ነገር ምንድን ነው ለሚለው መልሱ ከንፈር ነው።

«ማማ» እና «ፓፓ» ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር አልገቡም። የትምህርት ሚኒስትሩ ገንጂ ማትሱዳ እነዚህን ቃላት በአደባባይ የነቀፉት በ1934 ነው።